ደብዳቤው የማን ነው?

ማንበብና መጻፍ የጥቂቶች ዕድል በነበረበት ዘመን በፖስታ ቤትና በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጠው ጸሐፊ የብዙ ቤተሰብ ምሥጢር ያውቅ ነበር። ሩቅ አገር ላለ ልጇ መልእክት የምትሰድ እናት ስለ ዕዳው፣ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ጎረቤት ጠቡ በመጀመሪያ የምትናገረው ለእርሱ ነበር። ጸሐፊው ሰው ነውና ይሉኝታ ነበረው፤ ያልነበረውም አይታጣም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲነሣ ዘወትር የሚወሳው የዕውቀት ብርሃን ነው። ፊደል የቆጠረች እናት ግን ከዕውቀቱ ጋር ሌላም ነገር አግኝታለች፤ በእርሷና በልጇ መካከል የነበረው ሦስተኛ ጆሮ ተነሥቶላታል።

በእጅ ስልክ የሚላከው የዛሬው መልእክት ያን ሦስተኛ ሰው በሌላ መልክ መልሶ አምጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ የጀመረውና በኢትዮጵያ ከመምህር እስከ ነጋዴ ብዙ ሰው የሚገለገልበት ቴሌግራም ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። ስልኩ የጠፋበት ሰው በአዲስ ስልክ ቁጥሩን ሲያስገባ የዓመታት ጭውውቱ፣ ፎቶግራፉ፣ የላከው ሰነድ ሁሉ ሳይጎድል ይጠብቀዋል። ይህ ምቾት የሚገኘው ተራው ጭውውት በኩባንያው ኮምፒዩተር ስለሚቀመጥና መክፈቻው ቁልፍም በኩባንያው እጅ ስላለ ነው። በእርግጥ ቴሌግራም ምሥጢራዊ ውይይት የሚባል ሌላ መንገድ አለው፤ በዚያ የተላከውን ከሁለቱ ስልኮች በቀር የሚያነበው የለም። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው መከፈት አለበት፤ ለቡድን አይሆንም፤ ስልኩ ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። እንግዲህ ምቾቱና መጋለጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አይደሉም፤ አንዱ ነገር ከፊትና ከኋላ ሲታይ ነው።

እዚህ ላይ የሚቀርበው የተለመደ መልስ «እኔ የምደብቀው የለኝም» የሚል ነው። መልሱ ቅንነት አለው፤ ጉድለቱ ደብዳቤን የአንድ ሰው ንብረት ማድረጉ ነው። በዓረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት ወጣት ስለ አሠሪዋ በደል ደሴ ላለች እናቷ በሌሊት ድምፅዋን ቀርጻ ብትልክ፣ መልእክቱን የማስቀመጥ ምቾት የእናትየዋ፣ አደጋው ግን የልጂቱ ነው። እናትየዋ የምትደብቀው ባይኖራትም በአደራ የተቀበለችው በስልኳ ውስጥ አለ። «አደራ በላ» የሚለው ስድብ ገንዘብ ለካደ ሰው ብቻ የተፈጠረ አይደለም።

ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መልእክትን ከላኪው ስልክ እስከ ተቀባዩ ስልክ ይቆልፋል። ማን ለማን፣ በስንት ሰዓት እንደ ላከ ግን ከባለቤቱ ከሜታ አይሰወርም። ሲግናል ከዚህ እጅግ ያነሰ ይይዛል፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ለወንጀል ምርመራ መረጃ እንዲያቀርብ ሲታዘዝ ሊሰጥ የቻለው ደንበኛው የተመዘገበበትንና ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኘበትን ቀን ብቻ ነበር። በአንጻሩ የቴሌግራም መሥራች ፓቬል ዱሮቭ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ፣ ኩባንያው ደንቡን የጣሱ ሰዎችን ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ ሕጋዊ ጥያቄ ላቀረቡ ባለሥልጣኖች እንደሚሰጥ በተከታዩ ወር አስታወቀ። ወንጀለኛ መያዝ ይገባዋል። ይሁን እንጂ የባለቤት ቃል እንደ ሁኔታው ይለወጣል፤ በእጁ የሌለውን ግን የሚሰጥ የለም።

ይህ ሁሉ ሲባል ምቾትን እንደ ስንፍና መቁጠር ስሕተት ነው። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ቴሌግራም ላይ ላለ ሰው ሲግናል ታሽጎ ተቀባይ ያጣ ደብዳቤ ነው። የደሴዋ እናት ጉዳይም ከዚህ ይበልጥ የጠበበ ነው። ዋትስአፕ የጭውውትን ቅጂ ከስልክ ውጭ ያስቀምጣል፤ ባለቤቱ ራሱ ካላዘዘ በቀር ቅጂው እንደ መልእክቱ አይቆለፍም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ቅጂውን በይለፍ ቃል መቆለፍ ይቻላል፤ ቃሉን ለረሳ ሰው ግን ኩባንያው እንኳ ሊከፍትለት አይችልም። እናትየዋ ስልኳን የምታስነካው ለጎረቤት ልጅ ነው፤ እርሱ ዛሬ በፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ቦታ ተተክቷል። ልጁ ቢቆልፍላትና ቃሉ ቢጠፋ፣ ስልኩም አንድ ቀን ቢሰበር፣ ማታ ማታ ደጋግማ የምታዳምጠው የልጇ ድምፅ ከነሳቁ ይቀርባታል። ሳይቆለፍ ይቆይ እንደሆነ ልጂቱን የጠየቃት የለም።