የማይዋጉት ልጆች

ዋሻው ተይዟል። ዘበኞቹ ወድቀዋል፣ አለቃቸው ሞቷል፣ ተጫዋቾቹ ምርኮውን ለመከፋፈል ቸኩለዋል። የመጨረሻው በር ሲከፈት ግን ግድግዳ ተደግፈው የሚጠብቁት እናቶችና ልጆች ናቸው። መጽሐፉ ስለ ልጆቹ የሚነግረው አንድ ነገር ነው፤ አይዋጉም። ከዚያስ? ከዚያ ወዲያ ያለው የጠረጴዛው ጉዳይ ነው።

መጽሐፉ «ዘ ኪፕ ኦን ዘ ቦርደርላንድስ» ይባላል፤ የጠረፉ ምሽግ እንደ ማለት ነው። የጻፈው ጋሪ ጋይጋክስ እ.ኤ.አ. በ1974 ከዴቭ አርነሰን ጋር «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን የሚና ጨዋታ ለገበያ ያበቃ ሰው ነው። መጽሐፉ በ1981 በወጣው የጀማሪዎች ሳጥን ውስጥ አብሮ ስለተሸጠ ብዙ ወጣት አሜሪካዊ ጨዋታውን የተማረው በእሱ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። በሰው አገር ዳርቻ አንድ ምሽግ አለ፤ ከምሽጉ ራቅ ብሎ ዋሻ የበዛበት ሸለቆ አለ፤ በየዋሻው ኮቦልድ፣ ኦርክ፣ ጎብሊን የተባሉ ጭራቆች ሰፍረዋል። ጋይጋክስ ለምሽጉ ሰዎች ስም አላወጣላቸውም። አዛዡ አዛዥ ነው፣ ቄሱም ቄስ። ስሙን እያንዳንዱ የጨዋታ መሪ ከራሱ ዓለም ያምጣ ብሎ ትቶታል።

ስለዚህ ወደ ሌላ ዓለም ማዛወሩ ቀላል ይመስላል። ጫካውን በረሃ፣ ምሽጉን የቀረጥ ኬላ ማድረግ የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ጣጣው የሚመጣው አንዲት የጨዋታ መሪ ምሽጉ ውስጥ ካለው ጸሎት ቤት ስትደርስ ነው። እዚህ የሚጸለየው ለማን ነው? የእሷ ዓለም አንድ ቸር ፈጣሪ ካለው፣ በሸለቆው ውስጥ ያሉትን ልጆች የፈጠራቸው ማን ነው?

ጨዋታው ሲወለድ ለዚህ ጥያቄ ያልተጻፈ መልስ ይዞ ነው የመጣው። ከፖል አንደርሰንና ከማይክል ሙርኮክ ልብ ወለዶች በተወረሰው ሐሳብ፣ ዓለም ሥርዓትና ትርምስ የሚዋጉባት አውድማ ናት፤ ኦርክ ገና ሳይወለድ ወገኑ ተመርጦለታል። ሥነ መለኮት የቀመሰ አንባቢ ይህን ነገር የት እንደሚያውቀው ለማስታወስ ጊዜ አይፈጅበትም። በ3ኛው ክፍለ ዘመን ማኒ ያስተማረው ብርሃንና ጨለማ ሁለት ዘላለማዊ ኃይሎች መሆናቸውን ነበር። አውግስጢኖስ ዘጠኝ ዓመት ያህል የማኒ ተከታይ ሆኖ ከቆየ በኋላ ጥሎት ወጣ፤ ክፋት የበጎ ነገር ጉድለት እንጂ የራሱ ባሕርይ የለውም ብሎም ተከራከረ። በእሱ ትምህርት የአዳም በደል ያረፈበት ሕፃን እንጂ ክፉ ተደርጎ የተፈጠረ ሕፃን የለም። በጋይጋክስ ሸለቆ ግን ዋሻ ሙሉ ነው።

ኦርኮችን ለዘመናዊው ልብ ወለድ የሰጠው ጄ. አር. አር. ቶልኪን ራሱ ከዚህ ወጥመድ አላመለጠም። አጥባቂ ካቶሊክ ነበርና ክፉ ኃይል የተፈጠረውን ያበላሻል እንጂ ሕይወት መፍጠር አይችልም ባይ ነበር። ታዲያ ኦርኮቹ ከምን መጡ? ከኤልፍ? ከሰው? ከአውሬ? ሲጽፍ፣ ሲተው፣ መልሶ ሲጽፍ ኖሮ በ1973 ሲሞት ጥያቄው ሳይቋጭ ቀረ። ለዓለሙ ቋንቋ ሳይቀር የፈጠረለት ሊቅ ያቃተውን አንዲት የጨዋታ መሪ በቅዳሜ ምሽት እንድትፈታው መጠበቅ ግፍ ነው፤ ግን ተጫዋቾቹ በሩ ላይ ቆመዋል።

ታሪክን ከእምነት ወደ እምነት ማሻገር ለግዕዝ ሊቃውንት እንግዳ ሥራ አይደለም። የደብረ ሊባኖሱ አባ ዕንባቆም በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የበራላምና የይዋሴፍ ታሪክ ሥሩ የቡድሃ የወጣትነት ታሪክ ነው። መከራ እንዳያይ በቤተ መንግሥት ተከልሎ ያደገው የሕንድ ልዑል አለ፤ ሕመምን፣ እርጅናን፣ ሞትን ባየ ጊዜ የደነገጠው ድንጋጤም አለ። የተለወጠው መፍትሔው ነው። የመጀመሪያው ልዑል ከዳግም ልደት ዑደት መውጫ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ይጠመቃል። ድርጊቱን በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ይዞ ዓለሙን መገልበጥ ይቻላል ማለት ነው፤ የሚገለብጠው ሰው ምን እንደሚያምን ካወቀ።

በጨዋታውም ቤት ይህን ያወቁ አሉ። ኪት ቤከር በ2004 ባወጣው የ«ኤበሮን» ዓለም አማልክቱ መኖራቸው አይረጋገጥም፤ ለቄሱ ኃይል የሚሆነው እምነቱ ነው። ኦርኮቹም በጥንት ዘመን ዓለምን ከወራሪ ያዳኑ ጠባቂዎችን ያፈሩ ሕዝብ ናቸው። በ2017 የወጣው የ«ቱም ኦቭ አናይሌሽን» ጀብዱ ደራሲዎች ደግሞ ያስጨነቃቸው ሞት ነበር። በጨዋታው 5ኛ እትም ሕግ 500 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ አልማዝ የያዘ ቄስ ከሞተ 10 ቀን ያላለፈውን ሰው ያስነሣል። ሙታን እንዲህ በአልማዝ ከተነሡማ ሞት ማንን ያስፈራል? ስለዚህ በጀብዱው መነሻ ላይ ትንሣኤን የሚከለክል እርግማን አኖሩ።

አሳታሚው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በበኩሉ በ2020 ኦርኮችን እንደማንኛውም ሕዝብ ውስብስብ አድርጎ እንደሚያቀርብ አስታወቀ፤ በ2025 በወጣው የጭራቆች መጽሐፍም ኦርክ ራሱን የቻለ ገጽ የለውም። ተገቢ ነው፤ ግን ግማሽ ሥራ ነው። ኦርኩ ሰው ከሆነ ምሽጉም እንደነበረ ሊቀጥል አይችልም። ወታደሮቹ የሚጠብቁት ድንበር ቀድሞ የማን ነበር? ለዘመቻው ሽልማት የሚከፍለው አዛዥ ዋሻው ውስጥ ልጆች እንዳሉ ያውቃል?

ምሽጉ ውስጥ ሌላም ሰው አለ። ሳቂታ ነው፣ እንግዳ ይቀበላል፣ ለዘማቾቹ አብሬያችሁ ልሂድ ይላል፤ በስውር ግን የትርምስ ወገን የሆነ ካህን ነው። በጋይጋክስ መጽሐፍ ለክህደቱ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም፤ ወገኑ ይበቃዋል። ወገን በተሻረበት ዓለም ግን የጨዋታ መሪዋ ቁጭ ብላ ምክንያት ልትጽፍለት ነው፤ የሞተበት ሰው፣ የተቀማው መሬት፣ ወይም ከብዙ ዓመት በፊት እሱ ራሱ የከፈተው የዋሻ በር።