ምቱ የማን ነው?



ጊታር የሚማር ወጣት ሁሉ ጣቶቹ ኮርድ መያዝ ከለመዱ በኋላ አንድ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ጣት ቦታውን አውቋል፣ ድምፁም ጠርቷል፤ ነገር ግን ከሌሎች ጋር ሲመታ አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል። መምህራን ለዚህ የሚሰጡት መድኃኒት የታወቀ ነው፤ «በሜትሮኖም ተለማመድ» ይላሉ። ሜትሮኖም በአንድ ደቂቃ ውስጥ የተፈለገውን ያህል ምት በእኩል ርቀት እየከፈለ የሚያሰማ መሣሪያ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን የመሣሪያውን አጠቃቀም ብቻ አይደለም። በመዘምራን መካከል «ፈጠነ»፣ «ዘገየ» የሚል ክርክር ሲነሣ ትክክለኛው ምት የማን ነው? በዕድሜ የሚበልጠው ነው? ድምፁ የበረታው ነው? ወይስ የመሣሪያው? ጥያቄው የሙዚቃ ቢመስልም በውስጡ የፍትሕ ጥያቄ አለበት።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ሆነው አዲስ አበባን የከበቡ ከተሞች ናቸው። ዛሬ ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም፣ ከአንዱ ተነሥቶ ወደ ሌላው ለመሄድ ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት ግድ ነው። እንግዲህ የሦስቱ ከተሞች ወጣቶች ለአንድ በዓል አንድ መዝሙር አብረው ሊዘምሩ ተስማሙ እንበል። በየሳምንቱ ተገናኝቶ ለመለማመድ የታክሲው ሂሳብ አይፈቅድም። ስለዚህ በየከተማቸው ይለማመዳሉ። «ሞቅ አድርጋችሁ ዘምሩት» ብሎ መላላክ ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን የሰበታው ሙቀትና የሱሉልታው ሙቀት አንድ ላይሆን ይችላል። «በደቂቃ 84 ምት» ተብሎ ከተላከ ግን ቁጥሩ በመንገድ አይለወጥም። በበዓሉ ዕለት ሦስቱም የሚገናኙት በአንድ ምት ላይ ነው።

ይህን ችግር የቀደሙትም አውቀውታል። ዊንክል የተባለ በአምስተርዳም ይኖር የነበረ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1814 የዚህን መሣሪያ ሥራ አገኘ። በ1815 ሜልትሰል የተባለ ሌላ ሰው ሐሳቡን ወስዶ፣ የቁጥር መለኪያ ጨምሮበት፣ የባለቤትነት መብቱን በራሱ ስም አስመዘገበ። ስሙም ለእርሱ ቀረ። በ1817 ደግሞ ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ቤትሆቨን ለስምንቱ ሲምፎኒዎቹ የሜትሮኖም ቁጥር አወጣላቸው። በሩቅ አገር የሚኖር፣ ፊቱን የማያየው ተጫዋች ፍጥነቱን እንዲያውቅለት ነው። እዚህ ላይ የሚያስገርመን አንድ ነገር አለ። የመሣሪያው ታሪክ በባለቤትነት ክርክር ቢጀምርም፣ የሚሰጠው ልክ ግን ለዊንክልም ለሜልትሰልም አያደላም። እውነተኛ ልክ የማንም የግል ንብረት አይሆንም።

ልምምዱ እንዴት ይሁን? አንደኛ፣ ከመዝሙሩ ሁሉ የሚያስቸግረውን ቦታ፣ ለምሳሌ ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው የሚዛወሩበትን ስንኝ ለይቶ ማውጣት ነው። ሁለተኛ፣ መሣሪያውን በ60 ላይ አድርጎ፣ ጊታሩን አስቀምጦ፣ በጭብጨባ ቃሉን ማለት። ሦስተኛ፣ በዚያው ፍጥነት በጊታር መምታት፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ካልተሳሳቱ ብቻ ወደሚቀጥለው ቁጥር ማለፍ። በተለመደው የእንጨት ሜትሮኖም ላይ ከ60 ቀጥለው የሚገኙት ቁጥሮች 63፣ 66፣ 69፣ 72፣ 76፣ 80 እና 84 ናቸው። ከ60 እስከ 84 ያለው ሰባት እርከን ብቻ ነው፤ በቀን አንድ እርከን የወጣ በሳምንቱ ይደርሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለውም ለዚህ ነው። አራተኛ፣ 84 ላይ ከደረሱ በኋላ የጊታሩን ፍጥነት ሳይለውጡ መሣሪያውን ወደ 42 ማውረድ። አሁን መሣሪያው አንዱን ምት ተናግሮ አንዱን ዝም ይላል፤ ዝም ያለውን የምንሞላው እኛ ነን። በመጨረሻም መሣሪያውን ማጥፋት።

«መሣሪያውን ከየት እናመጣዋለን?» የሚል ይኖራል። ዛሬ በብዙ የእጅ ስልኮች ላይ ያለ ክፍያ ይገኛል። ስልክ የሌለው ደግሞ በግማሽ ሜትር ክር ጫፍ ላይ ትንሽ ድንጋይ አስሮ ከሚስማር ላይ ያንጠልጥል። በቀስታ ሲያወዛውዘው፣ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ የሚሄድበትን አንዱን ጉዞ እንደ አንድ ምት ቢቆጥር፣ በደቂቃ 84 ያህል ምት ያገኛል። ክሩ አንድ ሜትር ሲሆን ምቱ 60 ያህል፣ 25 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 120 ያህል ይሆናል። ልኩን የሚወስነው በተለይ የክሩ ርዝመት ነው፤ ድንጋዩ ቢከብድም ቢቀልም ለውጥ የለውም። ስለዚህ ድህነት ከልክ አያስቀረንም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሰው ብቻውን ሲለማመድ የሚያውቀውን ቦታ በጥድፊያ ያልፈዋል፣ የሚከብደው ቦታ ላይ ይንቀራፈፋል። ይህን ማድረጉንም አያውቅም፤ የገዛ ጆሮው ይቅር ይለዋልና። መሣሪያው ግን አያሞግስም፣ አይቆጣም፣ አያደላም። በገበያ ላይ ሚዛን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ማንን ነው? ጉልበት የሌለውን ገዢ ነው። ባለ ጉልበቱማ ያለ ሚዛንም አያጣም። በመዝሙር ቤትም እንዲሁ ነው። ልክ በሌለበት ሁሉን ወደ ራሱ የሚጎትተው ድምፅ ማጉያ የያዘው ነው። በኋላ መስመር የቆመች ታዳጊ «ፈጥነናል እኮ» ብትል ማን ይሰማታል? ልክ ካለ ግን የእርስዋ ጆሮ ትክክል ሆኖ ይገኝ ይሆናል፤ ታላቁም ሳያፍር ይመለሳል፤ የተረታው ለእርስዋ ሳይሆን ለልኩ ነውና።

«መሣሪያ መንፈስ የለውም፤ መዝሙርን የግድግዳ ሰዓት ያደርገዋል» የሚሉ አሉ። ይህ አስተያየት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በበገና የሚቀርብ ምስጋና ቃሉንና ትንፋሹን ተከትሎ ይፈስሳል፤ እዚያ ሜትሮኖም ማስገባት አለቦታው ነው። በችክችካም ቢሆን በእያንዳንዱ ዋና ምት ውስጥ ሦስት ትንንሽ ምቶች አሉ። መሣሪያው ዋናውን ይሰጠናል እንጂ ከሦስቱ የትኛውን እንደምናጠብቅ አይነግረንም፤ የሚነግረን ያደግንበት ጆሮ ነው። ደግሞም ልክ ሥራውን አይሠራልንም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የ2000 ሜትር የቤት ውስጥ ሩጫ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር በድምፅ ማጉያ ስካትማን የተባለው ዘፈን ይሰማ ነበር፤ እርምጃውንም ከምቱ ጋር አስማምቶ ሮጠ። ምቱን ዘፈኑ ሰጠው፤ ሳንባውና እግሩ ግን የራሱ ነበሩ። ዛሬ በሱሉልታ ሜዳ በማለዳ የሚሮጡ አትሌቶችም ሰዓት በእጃቸው ቢያስሩ ሰዓቱ አይሮጥላቸውም።

እንዲያውም መፍጠን በራሱ ጥፋት አይደለም። በጥንታዊው የአቋቋም ሥርዓት ሊቃውንቱ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ እየተመሩ ከዝማሜ ወደ መረግድ፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲሻገሩ ዜማው እየሞቀ፣ ምቱም እየፈጠነ ይሄዳል። የሚፈጥኑት ግን አንድ ላይ ነው፤ ማንም ወደ ኋላ አይቀርም። ልኩን አውቆ በፈቃዱ ከልኩ የሚወጣ ሰው ነፃ ነው፤ ልኩን ሳያውቅ የወጣ ግን ጠፍቷል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያስተዋለ ወጣት ከጊታር ያለፈ ትምህርት አግኝቷል።

ሆኖም አንድ አደጋ እንዳለ መዘንጋት የለብንም። ልክ በጨካኝ እጅ ሲገባ አለንጋ ይሆናል። ገና ትናንት ጊታር የጨበጠውን ልጅ በ84 ምት ፊት አቁሞ በጓደኞቹ ፊት ማሳፈር ፍትሕ አይደለም። መሣሪያው 84ን ይጠብቃል እንጂ 84ን አልመረጠም። የመረጥነው እኛ ነን። በ76 ቢሆን ሁሉም የሚደርስ ከሆነና በ84 ግን አምስቱ የሚቀሩ ከሆነ፣ ምን ያህል እንደምንጠብቃቸው የሚወስንልን መሣሪያ የለም። ያን የሚወስነው ፍቅራችን ነው።

እንግዲህ ምቱ የማን ነው? መልሳችን ይህ ነው፤ ምቱን መጠበቅ የመሣሪያው ነው፣ ምቱን መምረጥ ግን የሁላችንም ነው። ስንመርጥ ወደ ኋላ የሚቀረውን እናስብ፤ ከመረጥን በኋላ ደግሞ ማንም፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ለብቻው አይለውጠው። ለብቻችን በየቤታችን የምናደርገው ልምምድም አብሮን ለሚቆመው ሰው የምንከፍለው ዕዳ መሆኑን እንወቅ። ስለዚህ በሰበታም በቡራዩም በሱሉልታም ያላችሁ ወጣቶች፣ ክሩን ለኩ፣ ድንጋዩን እሰሩ፣ ከ60 ጀምሩ።