የሚታጠበውና የሚቀረው

ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ አሮጌ ጠርሙስ እጃችን ሲገባ አስቀድመን የምናስበው ስለ ውኃና ስለ ግራዋ ነው። ነገር ግን ከማጠባችን በፊት ልንጠይቅ የሚገባን አንድ ነገር አለ፤ በላዩ ካለው ሁሉ ሊወገድ የሚገባው የትኛው ነው? ሊቀር የሚገባውስ የትኛው ነው? ይህ ጥያቄ ስለ ዕቃ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰው ትዝታም የሚጠየቅ ነው።

ከመተማ ማዶ ከገላባት እስከ ገዳሪፍ ያለው አገር ሰፊ የዋልካ ሜዳ ነው። ማሽላና ሰሊጥ ያበቅላል፤ በመኸር ጊዜም ከደጋችን ብዙ የቀን ሠራተኞች ወደዚያ ይወርዳሉ። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፥ በክረምትም ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ስለዚህ የወደቀበትን ዕቃ ወደ ውስጡ ይውጣል። በዚህ ድንበር በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋር ተዋግተው ወደቁ፤ በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዞችና ኢጣልያኖች በገላባት ተዋጉ። ጦርና ነጋዴ ካደሩበት እንዲህ ካለው መሬት ጠርሙስ ቢወጣ የሚያስደንቅ አይደለም።

ጠርሙስ ከአሸዋ፥ ከሶዳና ከኖራ በእሳት ቀልጦ የሚሠራ ነው። በእርጥብ አፈር ብዙ ዘመን ሲቆይ ሦስት ነገር ያገኘዋል። አንደኛው ጭቃ ነው፤ ለብ ባለ ውኃ ቢዘፈዘፍ ይለቃል። ሁለተኛው ነጭ የኖራ ቅርፊት ነው፤ በኮምጣጤ ቀስ በቀስ ይሟሟል። ሦስተኛው እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቅ ወይም እንደ ጉም የሚያደበዝዝ ስስ ሽፋን ነው። ይህ ሦስተኛው እድፍ አይደለም፤ የአፈሩ ውኃ ሶዳውን ከውስጡ ስቦ ስላወጣው የጠርሙሱ ገላ ራሱ ተለውጦ ነው። እርሱን የሚፍቅ ሰው ጠርሙሱን ይፍቃል።

የሕዝብ ትዝታም እንዲሁ ነው። አንዳንዶች፥ ያለፈው ሁሉ ይረሳ ይላሉ፤ ልጅዋን ለቀበረች እናት ግን ይህ ገላዋን መፋቅ ነው። ሌሎችም፥ አባቶቻችን ያቆዩልን ነውና ምንም አይነካ ይላሉ፤ ሰሚ በሰሚ ላይ የጨመረውን ወሬና የአያትን በደል በልጅ ልጅ ላይ መቁጠርን እንደ ቅርስ ይጠብቃሉ። ይህ ጭቃ ነው። የሞተው መሞቱ፥ የፈረሰውም ቤት መፍረሱ ግን ጭቃ አይደለም።

ጠባሳው ከቀረ ቂሙ አይመለስምን? የሚል ይኖራል። እኛ ግን ጭቃው የሚሸፍነው በጎውንም ጭምር መሆኑን እናስተውል። በ1977 ዓ.ም. ረሀብና ጦርነት ያሳደዳቸው ወገኖቻችን በገዳሪፍ አውራጃ በኡም ራኩባ ተጠለሉ፤ ብዙዎች በዚያ በደዌ አለቁ፥ ብዙዎችም በሕይወት ተረፉ። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ የሸሹትን ያው ስፍራ እንደ ገና ተቀበላቸው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ ስደተኛው መንገዱን ለውጦ ከገላባት ወደ መተማ ተሻገረ። እንግዲህ የ1881ን ደም ብቻ የሚያስብ፥ የ1977ንም መጠለያ የሚረሳ ሰው ትዝታው ገና አልታጠበም። እውነቱን ሁሉ የሚያስብ ግን ደጁ ለመጣው ስደተኛ ምን እንደሚገባው ያውቃል።

አንድ ነገር እንጨምር። ጠርሙሱ ቀድሞ ምን ይዞ እንደ ነበረ ካልታወቀ፥ ከውጭ ቢያበራም ለሕፃን ወተት አይቀዳበትም፤ መርዝ ይዞ እንደ ሆነ ማን ያውቃል? ምንጩ ያልታወቀ መራራ ወሬም ለልጆቻችን ሊጠጣ አይገባም። ጌታችን ፈሪሳውያንን ስለ ጽዋ ሲገሥጻቸው ከውጩ ይልቅ ውስጡን እንዲያስቀድሙ ማዘዙን እናስብ።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ በምናጥብበት ጊዜ አንቸኩል። በቀዝቃዛ ጠርሙስ የፈላ ውኃ የሚያፈስ ይሰብረዋል፤ በሐዘንተኛ ፊት ዕርቅን በትእዛዝ የሚጠይቅም እንዲሁ ያደርጋል። ጭቃው እስኪለቅ እንታገሥ፤ ከዚያም የቀረውን ጠባሳ ሳናፍር እንያዘው።