ሞኖፊዚት ወይስ ሚያፊዚት?

የእንግሊዝኛ መጻሕፍት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን ለረጅም ዘመን «ሞኖፊዚት» ሲሏት ኖረዋል። ዛሬ ብዙዎቹ «ሚያፊዚት» ይላሉ። ሁለቱም ከግሪክ የመጡ፣ ሁለቱም «አንድ ባሕርይ» የሚሉ ናቸው።

ልዩነታቸው ግን የእምነት ነው። የመጀመሪያው ቃል የአውጣኪን ትምህርት ያስታውሳል፦ ትስብእት በመለኮት ተዋጠ የሚለውን፣ ቤተ ክርስቲያኒቱም ራሷ የምታወግዘውን። ሁለተኛው ያለ መቀላቀልና ያለ መለያየት የተዋሐደውን አንድ ባሕርይ ይላል፤ የእስክንድርያው ቄርሎስ ትምህርት ነው።

ለጎጃሙ ደብረ ማርቆስ ሊቃውንት እንዲህ ያለው ሙግት የፈረንጅ ወሬ አይደለም። ጎጃም የቅባት ትምህርት ሥር የሰደደበት አገር ነው። ቅባቶችም ተዋሕዶዎችም አንድ ባሕርይ ይላሉ፤ ጠቡ ሥጋ የከበረው በምን ነው በሚለው ላይ ነበር፦ በቅብዐት ወይስ በተዋሕዶ? በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጠሩት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ፍርዱ ለተዋሕዶ ሆነ።