እርቅ ሁሉ ሰላም ነውን?

እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ሆንዳ ሲቢ 750 ሞተር ሳይክል አራት ሲሊንደርና አራት ካርቡሬተር አለው። አሠራሩ ሲዛባ ብዙ ሰው ካርቡሬተሮቹን ለማመጣጠን ይቸኩላል። ልምድ ያለው መካኒክ ግን አስቀድሞ ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበትን ጊዜ ያስተካክላል። ብልጭታው የዘገየበት ሲሊንደር ኃይሉ ስለሚቀንስ ጥፋቱ የካርቡሬተሩ ይመስላል። ካርቡሬተሩን ብቻ ቢነካካው፣ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ድምፁ ያምራል፤ ዳገት ላይ ግን ጉድለቱ ይገለጣል።

በጉባኤያችንም ቅሬታ ሲነሳ አገልግሎቱን እኩል አካፍለን፣ አጨባብጠን፣ «ለሰላም ሲባል» ብለን እንዘጋዋለን። ያዕቆብ 4፥1 ግን የጠቡን ምንጭ በውስጣችን ካለው ምኞት ውስጥ ይፈልገዋል። የተበደለው ሳይሰማ፣ የበደለውም ንስሐ ሳይገባ የተደረገ እርቅ እስከ ቀጣዩ ዳገት ድረስ ብቻ ይቆያል።

ብልጭታው ከተስተካከለ በኋላም ካርቡሬተሮቹን ማመጣጠን አይቀርም። እንዲሁ ንስሐ የገባ ሰው የወሰደውን ይመልሳል፤ ሸክሙም በፍትሕ ይከፋፈላል። ወገኖች፣ ሽማግሌ ሆናችሁ ስትቀመጡ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። ጌታ ይርዳን። አሜን።