ያልተበላሸ ዕቃ መቼ ነው የሚሞተው?

«ተበላሸ» የሚለው ቃል ትርጉሙ አከራክሮን አያውቅም። ፕላስቲክ ይሰነጠቃል፣ ሽቦ ይቃጠላል፣ የማርሽ ጥርስ ያልቃል፤ በቃ፣ ዕቃው ተበላሸ። ከዚያ ወይ ይጠገናል፣ ወይ ለቁራሌው ይሰጣል፣ ወይ አልጋ ሥር ገብቶ ይረሳል። የእኛ ዘመን ግን ሌላ ዓይነት ሞት ይዞ መጣ። ዕቃው አልተሰበረም፣ አልተቃጠለም፣ ያለቀበት ነገርም የለም። ግን አይሠራም። ለምን ሲባል መልሱ «ከእንግዲህ አይደገፍም» ነው። ማን ነው ሲደግፈው የነበረው? ድጋፉ ሲነሣ ዕቃው የሚወድቅ ከሆነ፣ መጀመሪያውኑስ የማን ነበር?

እነዚህን ጥያቄዎች ያመጣችብኝ አንዲት ፕሪንተር ናት። የሰፈራችን ሰው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው ሴት ወረዳው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ጠባብ ሱቅ አላቸው። ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ የኪራይ ውል ያዘጋጃሉ፣ ለሥራ ፈላጊ ሲቪ ያትማሉ። ሱቁን ያቆመችው ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የሠራች ትንሽ ሌዘር ፕሪንተር ናት። ቶነሯ ስንት ጊዜ እንደተሞላ እሳቸውም አያውቁም። ወረቀት የምትስብበት ጎማ አንዴ ተቀይሯል፤ ከዚያ ሌላ ምንም። ባለፈው ዓመት የሱቁ ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ ተቃጠለና አዲስ ተገዛ። ፕሪንተሯ ተሰካች። ኮምፒውተሩ አየት አደረጋትና «የማይታወቅ ዕቃ» ብሎ ተዋት። ሰፈር ውስጥ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ ማለት ፕሪንተር እጠግናለሁ ማለት ስለሆነ፣ ተጠራሁ።

«ምን ሆናብኝ ነው?» አሉኝ።

«ምንም አልሆነችም እትዬ።»

«ታዲያ ለምን አትሠራም?»

«አዲሱ ኮምፒውተር ቋንቋዋን አያውቅም።»

«አሮጌው ያውቅ አልነበር እንዴ? አዲሱ እንዴት ከአሮጌው ያነሰ ያውቃል?»

ለዚህ ጥያቄ የቴክኒክ መልስ ነበረኝ። እሱን ላስቀድም።

ሌዘር ፕሪንተር ውስጥ ያለው ፊዚክስ አላረጀም። ሌዘሩ ከበሮ በሚመስል ሲሊንደር ላይ በብርሃን ይጽፋል፤ ብርሃን የነካው ቦታ የኤሌክትሪክ ቻርጁ ይለወጣል፤ የቶነሩ ዱቄት በዚያ መሠረት ይጣበቃል፤ ከዚያ ወደ ወረቀቱ ይተላለፍና በሙቀት ይቀልጣል። ቼስተር ካርልሰን በዚህ ዘዴ የመጀመሪያውን ቅጂ ኒውዮርክ ውስጥ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ጣጣው ያለው ቋንቋው ላይ ነው። ቀደም ያሉት ውድ ሌዘር ፕሪንተሮች የራሳቸው አንጎል ነበራቸው። ኮምፒውተሩ እ.ኤ.አ. በ1984 እንደወጣው እንደ ፖስትስክሪፕት ባለ የታወቀ ቋንቋ «እዚህ ጋ ይህን ፊደል ጻፊ» ይላል፤ ገጹን የምትሠራው ፕሪንተሯ ናት። በኋላ ዋጋ ለመቀነስ ሲባል ከብዙ ርካሽ ፕሪንተሮች አንጎሉ ወጥቶ ወደ ኮምፒውተሩ ገባ። ገጹን የሚሠራው ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ሆነ፤ ፕሪንተሯ እጅ ብቻ ሆና ቀረች።

የእትዬ ፕሪንተር ከነዚህ አንዷ ናት። እንዲያውም ፈርምዌሯን እንኳ ራሷ ውስጥ አታስቀምጥም፤ በበራች ቁጥር ማን እንደሆነች ኮምፒውተሩ ይነግራታል። ጠዋት ጠዋት ራሷን ረስታ የምትነቃ ሠራተኛ በሏት። ድራይቨሯ የተጻፈው ለ32 ቢት ሲስተም ብቻ ነበር። አዲሱ ኮምፒውተር ባለ64 ቢት ነው፤ ባለ64 ቢቱ ሲስተም ደግሞ የ32 ቢት ድራይቨር አይቀበልም። አዲስ የጻፈላት የለም። ትዝታዋ ሌላ ሰው ቤት ቀርቶ፣ ሰውዬው በሩን ዘግቶ ሄዷል።

ይህን ከላዳ ጋር አወዳድሩት። የአዲስ አበባን ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎች የሠራው አገር፣ ሶቭየት ኅብረት፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ፈርሷል። ላዳዎቹ ግን ከዚያም በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሰው አመላልሰዋል። መለዋወጫ ሲጠፋ ሜካኒኩ ከሌላ መኪና ያመጣል፤ እሱም ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ያሠራል። ከፋብሪካው ፈቃድ የጠየቀ የለም። መርካቶ ምናለሽ ተራ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል። የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ ገበሬ እግር ላይ ሌላ ዕድሜ ይኖራል። ብረት ምስጢር የለውም፤ ከፍቶ ላየው ሰው ራሱን ይናገራል። ፕሪንተሯንም ከፍቼ አየኋት። ማርሹ አለ፣ መስታወቱ አለ፣ ከበሮው አለ። የጎደላት ነገር በዓይን የሚታይ አልነበረም። እጅ ያለው ሁሉ የሚጠግነው ዕቃና ፈቃድ ያለው ብቻ የሚጠግነው ዕቃ፣ ሁለቱንም በገንዘባችን ብንገዛቸውም፣ እኩል የእኛ አይደሉም።

«አዲስ ለምን አይገዙም?» የሚል አይጠፋም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። «አዲስ ግዢ» የሚለው ምክር ለሚመክረው ሰው ቀላል ነው፤ ለእትዬ የወራት የሱቅ ኪራይ ነው። ደግሞ የድሮዋ የት ትሄዳለች? የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 ብቻ ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች፤ በወጉ ተሰብስቦ እንደገና ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። ከዚያ ክምር ውስጥ ስንቱ በእውነት ተበላሽቶ፣ ስንቱስ ቋንቋውን የሚያውቅ ጠፍቶ ነው የተጣለው?

ለእትዬ መፍትሔው የመጣው ከማያውቋቸው ሰዎች ነው። ማንም ያላዘዛቸው በጎ ፈቃደኞች እንዲህ ያሉ ርካሽ ፕሪንተሮች የሚናገሩትን ቋንቋ ፈትተው ለሊኑክስ ክፍት ድራይቨር ጽፈዋል። ቤት ውስጥ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ነበረኝ። ሊኑክስ ጫንኩበት። ማይክል ስዊት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረውን፣ ካፕስ የሚባለውን የኅትመት ሥርዓት አስተካከልኩበት፤ ፕሪንተሯን ሰካሁበት። ላፕቶፑ አሁን አስተርጓሚ ነው። አዲሱ ኮምፒውተር አይፒፒ በሚባለው የዘመኑ የጋራ የኅትመት ቋንቋ በኔትወርክ ያናግረዋል፤ እሱ ወደ ፕሪንተሯ አሮጌ ቋንቋ ይመልሳል። ጠዋት ስትበራም ማን እንደሆነች የሚነግራት እሱ ነው። ጠቅላላ ሥራው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፈጀ። አንድ ግማሽ ቀን! በሞትና በሕይወት መካከል የነበረው ርቀት ይኸው ነው።

ነፃ ሶፍትዌር የሚባለው እንቅስቃሴ ራሱ የፕሪንተር ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ሪቻርድ ስቶልማን ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራ ነበር። ቤተ ሙከራው ከዜሮክስ አዲስ ሌዘር ፕሪንተር አገኘ፤ ወረቀት ግን ይነክሳል። በቀድሞው ፕሪንተር ጊዜ ስቶልማን ኮዱን አሻሽሎ ወረቀት ሲነክስ ለተጠቃሚዎቹ መልእክት እንዲደርሳቸው አድርጎ ነበር። የአዲሱ ኮድ ግን አልተሰጣቸውም። ኮዱ አለው የተባለን ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያለ ሰው ሄዶ ቢጠይቀው፣ «ለማንም ላለመስጠት ፈርሜያለሁ» ብሎ መለሰው። ስቶልማን ይህን ታሪክ ዕድሜ ልኩን ሲያወራው ኖሯል። በመስከረም 1983 እ.ኤ.አ. የግኑን ፕሮጀክት አወጀ። በታሪኩ ውስጥ እኔን የሚይዘኝ ያ የፈረመ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም፤ ቃሉን ጠበቀ። ግን ቃል የገባው ለአንድ ወገን ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት ስምምነቱ ላይ ያልነበሩ ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ኩባንያዎችን መራገም ይቀላል። እኔ ግን ኑሮዬ ኮድ መጻፍ ነውና የወዲያኛውን ወገን ነገርም አውቃለሁ። አሮጌ ኮድ መጠበቅ የሰው ዕድሜ ይበላል። አደጋም አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 «ፕሪንትናይትሜር» የተባለ ቀዳዳ በዊንዶውስ የኅትመት አገልግሎት ላይ ተገኝቶ፣ አጥቂ በድራይቨር መጫኛው በኩል ገብቶ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ሊቆጣጠር እንደሚችል ታየ። ማይክሮሶፍት በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. የፕሪንተር አምራቾች የሚጽፏቸውን ድራይቨሮች ማስተናገድ ቀስ በቀስ እንደሚያቆምና ወደ አይፒፒ እንደሚያዞር አስታወቀ። ሐሳቡን አልቃወመውም። የጋራ ቋንቋ ያለው ፕሪንተር ነገ ወላጅ አልባ አይሆንም። ለዘላለም ይደገፍ ማለትም አይቻልም፤ ለዘላለም የሚቆም ሰው የለም።

እንግዲህ ግዴታው ምንድን ነው? እኔ የደረስኩበት ቃል አማርኛ ውስጥ ድሮም የነበረ ነው፤ አደራ። ሽያጭ ሲፈጸም ያልቃል፤ ገንዘቡን ትሰጣላችሁ፣ ዕቃውን ትወስዳላችሁ፣ ተለያያችሁ። አደራ ግን የሌላውን ሰው ነገር ይዞ መቆየት ነው። አንጎሏ ኮምፒውተር ውስጥ፣ የአንጎሏም ምስጢር አምራቹ ዘንድ የሆነ ፕሪንተር ሲሸጥ፣ ግማሹ ዕቃ ብቻ ነው ገዢው ቤት የገባው። ሌላው ግማሽ ሻጩ ጋር አደራ ተቀምጧል። ባለአደራ እስከ መቃብር አደራውን ይያዝ አንልም። ይደክማል፣ ይሰደዳል፣ ይከስራል። ሲሄድ ግን ያስረክባል። መደገፍ ማቆም መብት ነው፤ ቁልፉን ይዞ መጥፋት ግን አደራ መብላት ነው። ለፕሪንተር ቁልፉ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ቋንቋዋን የሚያስረዳ ሰነድ፣ ቢቻል ደግሞ የድራይቨሩ ኮድ። ለማይሸጥ ዕቃ የሚጠበቅ ምስጢር ማንን ይጠቅማል? የተደበቀው ቋንቋ ተፎካካሪን ከማሰናከል አልፎ ባለቤቷን ማሰናከል ሲጀምር፣ የንግድ ምስጢር የሚለው ስም አይመጥነውም።

ይህ ሕግ እኔንም ይይዘኛል። ፕሪንተሯ ወረቀት መትፋት ስትጀምር እትዬ እልል አሉና መረቁኝ። ግን አስቡት፤ በፊት ከማያውቁት ኩባንያ እጅ ነበሩ፣ አሁን ከእኔ እጅ ናቸው። ነገ ሌላ ከተማ ሥራ ባገኝስ? በጎነት ራሱ ሰውን ጥገኛ ማድረጊያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአንድ ገጽ ላይ በአማርኛ ጻፍኩት፤ የትኛው መጀመሪያ እንደሚበራ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ፣ የይለፍ ቃሉ የት እንደተቀመጠ፣ ድራይቨሩ ምን እንደሚባል። ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ፕሪንተር ያተምነው ወረቀት እሱ ነው። ላፕቶፑ ጀርባ ላይ ተለጥፏል። ኮምፒውተር ትንሽ የነካካ የሰፈር ልጅ ሁሉ ሊያነበው ይችላል።

ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ኮድ ትጽፋላችሁ፣ ወይ ልትጽፉ እየተማራችሁ ነው። «ከዚህ በታች ላለ አንድሮይድ አይሠራም» የሚለው ውሳኔ አንድ ቀን እናንተ ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። አንዲት ቁጥር ናት፤ ትቀየራለች፣ ቡናችሁን ትጠጣላችሁ። በዚያች ቁጥር ግን የሆነ ከተማ ውስጥ የሆነች እናት ደኅና የሚሠራ ስልክ ይዛ ገንዘብ መላክ ያቅታታል። ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ደኅንነት አለ፣ ወጪ አለ፣ ጊዜ አለ። እኔ ቁጥሩ ፈጽሞ አይነካ አልልም። እኔ የምለው፣ ፕሮጀክቱ ሲጀመር ስንት ተጠቃሚ እንደምናመጣ ከምንጽፍበት ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመር፤ ስንተወው ቁልፉን ለማን ነው የምናስረክበው? ዳታውን በታወቀ ፎርማት ማውጣት ይቻላል? ሰነዱ ለሕዝብ ይለቀቃል? አሮጌው ስልክ ሙሉውን አፕ ባይችል፣ በዩኤስኤስዲ ወይም በድረ ገጽ የሚገባበት ቀጭን በር ይቀርለታል?

ለእነዚህ መልስ ያለው ሰው የፈለገውን ነገር ቢያቆም አልወቅሰውም። መልስ የሌለው ግን ገና የሚሠራ ነገር እየቀበረ ነው፤ እየቀበረ መሆኑን ባያውቅም።