ጥቂትነት በማን ሲቆጠር?

የአውሮፓ ኅብረት ከ10,000 ሰዎች መካከል ከአምስት የማይበልጡትን የሚይዝ በሽታን እምብዛም ከማይታዩት ወገን ይመድበዋል፤ ዩናይትድ ስቴትስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ባወጣችው ሕግ በአገሪቱ ውስጥ ከ200,000 ያነሱ ሰዎችን የሚያጠቃውን በሽታ በዚሁ መደብ ታስገባዋለች። ሁለቱም ወሰኖች ገበያ የማያዋጣቸውን መድኃኒቶች የሚያመርቱ ኩባንያዎችን ለማበረታታት የተቀመጡ አስተዳደራዊ ልኬቶች እንጂ ከበሽታዎቹ ባሕርይ የተቀዱ አይደሉም። ይሁን እንጂ ልኬቱ ከተለመደ በኋላ ጥቂትነት እንደ ትኩሳትና እንደ እብጠት በሕመምተኛው አካል ላይ ያለ ነገር መስሎ መታየት ይጀምራል። ጥያቄውም የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው፦ አንድ በሽታ እምብዛም አይታይም ሲባል የተነገረው ስለ በሽታው ነው ወይስ ስለ ቆጣሪው፣ ማለትም የት ሆኖ ማንን እንደቆጠረና ማንን እንደዘለለ?

ጥያቄውን በአንድ ሰፈር ታሪክ መፈተን ይቻላል። የአዲስ አበባው አራዳ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የከተማዋን ዋና ገበያ ወደ መርካቶ እስኪያዛውሩት ድረስ፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ነጋዴ ከግሪኩ፣ ከህንዱና ከአርመኑ ጋር የሚገበያይበት ስፍራ ነበር። አርመኖች በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ ቤት ሠርተው፣ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት አቁመው ኖረዋል፤ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት ሙዚቀኞችም እ.ኤ.አ. በ1924 አዲስ አበባ ሲገቡ የተቀላቀሉት ይህንኑ ማኅበረሰብ ነው። በአርመኖች ዘንድ በብዛት የሚታወቅ «የሜዲትራኒያን ቤተሰባዊ ትኩሳት» የሚባል በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ። ሕመሙ ከልጅነት ጀምሮ እየተመላለሰ የሚነሣ ትኩሳት፣ ብርቱ የሆድ ቁርጠትና የደረት ውጋት ሲሆን፣ በሁለት በሦስት ቀን ለቆ ይሄድና ተመልሶ ይመጣል፤ ሳይታከም ከቆየም ኩላሊትን እስከመጉዳት ይደርሳል። ይህን በሽታ በአርሜኒያ ዋና ከተማ ዬሬቫን ያለ ሐኪም ገና ታሪኩን ሲሰማ ይጠረጥረዋል፤ ወባና ታይፎይድ በበዛበት አገር የሚሠራ ሐኪም ግን በወባ ወይም በትርፍ አንጀት ቢተረጉመው አይፈረድበትም። መንስኤው የሆነው ጂን እ.ኤ.አ. በ1997 ተለይቷል፤ ኮልቺሲን የተባለው የቆየ የሪህ መድኃኒት ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሽታውን ለመቆጣጠር ሲያገለግል ኖሯል። አንዱ በሽታ እንግዲህ በአንዱ ከተማ የተለመደ፣ በሌላው ያልተሰማ ነው። ሕመምተኛው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር በሰውነቱ ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው የሐኪሙ ግምት የተመሠረተበት ቁጥር ነው።

የጂኖም ምርምር ይህን የቁጥር ጥገኝነት የሚያስቀር መስሎ ታይቶ ነበር። ጂኖም ማለት የአንድ ሰው ሙሉ የዘረመል መረጃ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ባለው ዲኤንኤ ላይ በሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት ተጽፎ ይገኛል፤ የሰው ልጅን ጂኖም የማንበብ ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1990 ተጀምሮ በ2003 ሲጠናቀቅ፣ ከእንግዲህ በዓለም ላይ ብቸኛ የሆነ ሕመምተኛ እንኳ ከራሱ ደም የሕመሙን ምክንያት ማግኘት ይችላል የሚል ተስፋ ተፈጠረ። ተስፋው ከንቱ አልነበረም። ነገር ግን የማንኛውም ሰው ጂኖም ለማነጻጸሪያ ከተቀመጠው ጂኖም ከአራት እስከ አምስት ሚሊዮን በሚደርሱ ቦታዎች ይለያል፤ ከእነዚህ ልዩነቶች ጎጂው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ባለሙያዎች ከሚጠቀሙባቸው ወንፊቶች ቀዳሚው ብዛት ነው፦ በጤናማ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ልዩነት የከባድና እምብዛም የማይታይ በሽታ መንስኤ ሊሆን አይችልምና ይጣላል፣ በማንም ዘንድ ያልታየው ይቀራል። ስለዚህ የአንዱን ሰው ጂኖም ለመረዳት አስቀድሞ የብዙዎች ጂኖም መነበብ አለበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ሁሉ፣ ለብቻው የተነበበ ጂኖም ትርጉሙ ያልታወቀ የመረጃ ክምር ሆኖ ይቀራል።

ጉዳዩ የፍትሕ ጥያቄ የሚሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በቀረበ ስሌት የበሽታዎችን ዘረመላዊ መነሻ በሚፈትሹ ሰፋፊ ጥናቶች ከተካተቱት ሰዎች 78 በመቶ ያህሉ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሲሆኑ፣ የአፍሪካውያን ድርሻ 2 በመቶ ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ የልብ ጡንቻን የሚያወፍር በዘር የሚተላለፍ በሽታ መንስኤ ናቸው የተባሉ አንዳንድ ልዩነቶች በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የተለመዱና ጉዳት የሌላቸው መሆናቸውን አሳየ፤ ልዩነቶቹ ጎጂ ተብለው የተመዘገቡት በነጮች መካከል ስላልታዩ ነበር። ያልተቆጠረ ሕዝብ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ እውነተኛ በሽታው ስም ያጣል፣ ጤናማው ዘረመሉ ደግሞ በሽታ ተብሎ ሊሰየም ይችላል።

በኢትዮጵያ ይህ ቆጠራ የተጀመረው ዘግይቶ ቢሆንም ውጤቱ ከባድ ሚዛን ያለው ነው። በአራዳ ክፍለ ከተማ፣ አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ቅጥር ግቢ የሠሩት ፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለ ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ካካሄዷቸው ጥናቶች አንዱ፣ ወተትን በጎልማሳነት የመፍጨት ችሎታ በሰሜን አውሮፓ ከሞላ ጎደል ከአንድ የዘረመል ልዩነት ሲመነጭ በኢትዮጵያ ግን ከበርካታ ልዩነቶች እንደሚመነጭ አመልክቷል። ለሕክምና ይበልጥ የቀረበው ግኝት ደግሞ ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ ስዊድን ውስጥ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ነው። ጥናቱ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለውን፣ ጉበት ብዙ መድኃኒቶችን የሚያብላላበትን ኢንዛይም የሚያዝዘውን ጂን መረመረ፤ ከተጠኑት ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶው ይህን ጂን በተደራቢ ቅጂ ይዘው ተገኙ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ሁኔታ የሚታየው ከመቶ በአንድ ወይም በሁለት ሰው ብቻ ነው። ሕመም ማስታገሻውና ሳል ማብረጃው ኮዴን በዚሁ ኢንዛይም አማካይነት በሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን ስለሚቀየር፣ ተደራቢ ቅጂ ያለው ሰው በተለመደው መጠን ብቻ አደገኛ የሞርፊን ክምችት ሊገጥመውና ትንፋሹ ሊታፈን ይችላል። የኢትዮጵያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴን ያለባቸውን መድኃኒቶች ሲያግድ ምክንያቱ ይህ ነበር።

ውሳኔው በአንድ በኩል ሲታይ የተቆጠረ ሕዝብ የሚያገኘውን ጥቅም ያስረዳል፤ በስቶክሆልም እንግዳ የነበረው በአዲስ አበባ የሦስት ሰው አንዱ ሊባል የሚቀርብ ሆኖ ተገኘ፣ የፒያሳ ፋርማሲም መደርደሪያ ከጥናቱ በኋላ የቀድሞው አልሆነም። በሌላ በኩል ግን የጂኖም ሕክምና የሚታወቀው እያንዳንዱን ሰው በራሱ ዘረመል መሠረት እንደሚያክም በመግለጽ ሲሆን፣ እዚህ ላይ የተፈጸመው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ግለሰቡን መርምሮ መለየት በማይቻልበት ሁኔታ ሕዝቡ ሁሉ እንደ አንድ አካል ተቆጥሮ መድኃኒቱ ለሁሉም ቀረ። ኮዴን የማይጎዳቸው፣ ሕመማቸውንም ሊያስታግሥላቸው ይችል የነበረ ብዙ ሰዎች ለቀሩት ደኅንነት ሲባል ተዉት። ይህ በደል ነው ለማለት ያስቸግራል፣ ምክንያቱም ሞትን የሚከላከል ጥንቃቄ ነውና፤ ሆኖም የቁጥር ዕውቀት ብቻውን ከሰውየው ደጅ እንደማያደርስና የመጨረሻው እርምጃ የግለሰቡ ምርመራ መሆኑን ያሳያል።

የእግር ዝሆኔ ወይም ፖዶኮኒዮሲስ ደግሞ ከዚህ የተለየ ፈተና ያቀርባል። በዓለም የሕክምና መጻሕፍት ጥግ የያዘው ይህ በሽታ በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንደያዘ ይገመታል። የበሽታው መንስኤ በሆነው ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚውለው ገበሬ ሁሉ ግን አይያዝም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በወላይታ ነዋሪዎች ላይ በእነ ፋሲል ተኮላ አየለ ተሠርቶ የታተመው ጥናት፣ ለበሽታው መጋለጥ ከሰውነት መከላከያ ሥርዓት ጂኖች ጋር እንደሚያያዝ አረጋገጠ። የአካባቢው ሰው ቀድሞውንም በሽታው በዘር ይሄዳል እያለ ከታማሚ ቤተሰብ ጋብቻን ይሸሽ ነበርና፣ ሳይንሱ ይህን መገለል ያባብሰው ይሆን የሚለው ሥጋት በተመራማሪዎቹ ዘንድ ከፈቃድ አጠያየቅ ጀምሮ የታሰበበት ጉዳይ ሆኗል። መልሱ ያለው ከግማሽ እውነት ወደ ሙሉ እውነት በመሄድ ላይ ነው፦ ዘረመል ተጋላጭነትን ይሰጣል፣ በሽታውን የሚያመጣው ግን አፈሩ ነው፤ ተጋላጭ ሆኖ የተወለደ ልጅም ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ ሳይታመም ሊኖር ይችላል። በዚህ አገባብ የዘር ዕውቀት ዕጣ ፈንታን መቀበያ መሆኑ ቀርቶ ጫማው ለማን ቅድሚያ ሊደርስ እንደሚገባ ማመልከቻ ይሆናል።

ዕውቀቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄም ከዚሁ ጋር የተሳሰረ ነው። በዘር የሚተላለፍ በሽታ የተጠረጠረበት ልጅ ሲቀርብ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚሠራው የቤተሰቡን የትውልድ ሐረግ በወረቀት ላይ መሣል ነው፤ ወንዱ በአራት ማዕዘን፣ ሴቷ በክብ ትወከላለች፣ የታመመው ምልክት በጥቁር ይሞላል፣ በዘመዳሞች መካከል የተፈጸመ ጋብቻም በድርብ መሥመር ይያያዛል። ይህ ሥዕል እስከ ሰባት ቤት ቆጥሮ ለሚጋባ ማኅበረሰብ እንግዳ አይደለም። የሰባት ቤት ሥርዓት የመነጨው ከሃይማኖትና ከባህል ቢሆንም፣ ከሁለቱም ወላጆች የተበላሸ ቅጂ ሲወረስ ብቻ የሚገለጡትን በሽታዎች የሚቀንስ ሥርዓት ነው፤ እንዲህ ባሉት በሽታዎች ወላጆቹ ጤነኛ ተሸካሚዎች ሲሆኑ ለእያንዳንዱ እርግዝና የመታመሙ ዕድል ከአራት አንድ ነው። ትውልድ የሚቆጥሩት ግን ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች በመሆናቸው፣ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ የፒያሳ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ሲዛወሩ የተበተነው የዕድር ጉርብትና ብቻ ሳይሆን ይህን የመሰለ ትዝታም ጭምር ነው። ሥዕሉ ደግሞ ሌላም ነገር ያጋልጣል፦ አንዱ ልጅ ደሙን ሲሰጥ የእህቱም፣ የአክስቱም ምስጢር አብሮ ይወጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የዘረመል መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን ያሰለፈው ሲሆን፣ ሕግ የሚያውቀው ፈቃድ ግን በዋናነት የግለሰቡ ነው፤ የቤተሰብን ፈቃድ የሚመለከተው ክፍል ለሐኪሙ አስተዋይነት የተተወ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚቀርብ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ሕፃናት በሳንባ ምችና በተቅማጥ በሚሞቱበት አገር ለጥቂቶች በሽታ ገንዘብና ጊዜ ማዋል ብዙኃኑን መበደል አይሆንም ወይ? በተለይም የበሽታው ስም ታውቆ መድኃኒት በማይገኝበት ጊዜ ምርመራው ምን ይጠቅማል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ብሂል ሕመሙን የገለጠ ሁሉ መፍትሔ እንደሚያገኝ ያስባል፤ እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት ግን ሳትደብቅ፣ ከጤና ጣቢያ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ ከጠበል ጠበል ስትንከራተት ኖራ ባዶ እጇን ትመለሳለች።

ተቃውሞው የቆመው እምብዛም የማይታዩ በሽታዎች የጥቂቶች ናቸው በሚል ግምት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ስሌት በእነዚህ በሽታዎች የተያዙት በድምር ከዓለም ሕዝብ ከ3.5 እስከ 5.9 በመቶ እንደሚደርሱ፣ ከበሽታዎቹም 72 በመቶው ዘረመላዊ መነሻ እንዳላቸው ያመለክታል፤ ጥቂት ሆነው የሚታዩት አንድ በአንድ ሲነጠሉ ነው። ስምም ቢሆን ከመድኃኒት በፊት የሚሠራው ሥራ አለው። የማያስፈልግ ቀዶ ሕክምናንና የማይጠቅም መድኃኒትን ያስቆማል፤ ስለሚቀጥለው እርግዝና መረጃ ይሰጣል፤ በእርግማን ወይም በጥፋቷ አመጣችው የተባለችውን እናት ከሐሜት ያወጣል፤ ከሁሉም በላይ ልጁን የበሽታውን ስም ከሚጋሩ ሌሎች ሕመምተኞች ጋር ያገናኘዋል፣ ለመድኃኒት ፍለጋም መጀመሪያው ይህ ነው።

ስለዚህ የጥቂትነት ጥያቄ ስለ ዕዳ የሚጠይቅ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። የአንዱ ሕመምተኛ ጂኖም የሚነበበው ጤነኞቹ የራሳቸውን አስቀድመው ስለሰጡ እስከሆነ ድረስ፣ ጤነኛው ሰው ደሙን ሲሰጥ ምጽዋት አይሰጥም፤ የራሱ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነገ በሚያስፈልገው መዝገብ ላይ ድርሻውን ይከፍላል። መንግሥትና ዩኒቨርሲቲም በበኩላቸው ናሙናው የአገሩን ሐኪም በሚያገለግል መዝገብ እንዲቀመጥ፣ ውጤቱም ወደ ሰጪው እንዲመለስ የማድረግ ግዴታ አለባቸው። ያልተቆጠረን ሰው ጥቂት ብሎ መተው የቆጣሪውን ጉድለት በሕመምተኛው ላይ መጻፍ ነው፤ ቆጠራው ሲሟላ አንዳንዱ በሽታ በእርግጥም ጥቂት ሆኖ ይቀር ይሆናል፣ የዚያን ጊዜ ግን ጥቂትነቱ ለቸልታ ምክንያት መሆኑ ያበቃል።